አርባ በሠላሳ በሃያ፦ ባሕር ዳር ያሰፋሁት ቦርሳ አውሮፓ ላይ ሲፈተን

ቦርሳው አሁን ከበራችን ጀርባ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ዚፑ ከግማሹ ተነቅሏል፣ የግራ ማንገቻው በማይገጥም ሰማያዊ ክር ተጠግኗል፣ ሲያሸቱት ገና በሶ በሶ ይላል። ያሰፋሁበት ዋጋ 1,900 ብር ነው። ቪየናን፣ ቬኒስንና ሮምን በዘጠኝ ቀን አብሮኝ ዞሯል፤ ስለዚህ በጎውንም ክፉውንም መናገር እችላለሁ።

ሥራዬ ማስጎብኘት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ እንግዳ ሳመላልስ ኖሬአለሁ። ጎማ ያለው ሻንጣ የሚጎትት ፈረንጅ የተጠየቀውን ይከፍላል። ጀርባው ላይ አንዲት ቦርሳ ብቻ አንግቶ የመጣው ግን «ትናንት ለሄዱት ስንት አስከፈልሽ?» ብሎ ይጀምራል፤ ውኃውን ከሆቴል ሞልቶ ይመጣል፣ ሙዙን ከገበያ ገዝቶ ይመጣል። ስንቱን በልቤ አምቼዋለሁ። ባለፈው ኅዳር ቦርሳ አንጋቿ እኔ ሆንሁ።

ለአሥር ቀን ሥልጠና ቪየና ተጠርቼ ነበር። የአውሮፕላኑን ቲኬትና ቪዛውን ጋባዦቹ ቻሉ። የቪዛው ነገር ቀላል አይደለም፤ ማመልከቻው ብቻ 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለክሉም አይመልሱም፣ በዚያ ላይ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠይቃሉ። ሥልጠናው ሲያልቅ ዘጠኝ ቀን ተረፈኝ፤ ለዓመታት ያጠራቀምኋት 450 ዩሮም ነበረችኝ። አንድ ዩሮ ከ150 ብር በላይ በሆነበት ጊዜ 450 ዩሮ ባሕር ዳር ላይ ብዙ ነው። ቪየና ላይ ግን እንደ ጉም ነው።

ቦርሳውን ያሰፋሁት ከመሄዴ በፊት ነው። የርካሾቹን አየር መንገዶች ደንብ ሳነብ አብዛኞቹ በነፃ የሚያስገቡት ከመቀመጫ ሥር የሚገባ አንድ ቦርሳ ብቻ መሆኑን አየሁ፤ የብዙዎቹ ልክ 40 በ30 በ20 ሳንቲ ሜትር ነው። ባሕር ዳር ገበያ ያሉትን ቦርሳዎች በሜትር ስለካ ዋልሁ። ወይ ቁመታቸው ይረዝማል፣ ወይ እንደ ተማሪ ቦርሳ ቀጭን ናቸው። በመጨረሻ የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄድሁ። ልኩን ጽፌ ብሰጣቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ልጄ፣ ሰው ቦርሳ ሲያሰፋ ሰፋ አድርጉልኝ ይላል እንጂ በሳንቲ ይለካል?»

«ጋሼ፣ አንዲት ሳንቲ ብትበልጥ ከቲኬቱ የሚበልጥ ገንዘብ ያስከፍሉኛል።»

«እንግዲያማ ኬላ ነው በይኛ!» ብለው ሣቁና ሸራውን ዘረጉት።

ሸራው አረንጓዴ ነው፤ ከአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ልባስ የተቆረጠ። ስፌቱ ድርብ ነው። ማንገቻው ውስጥ የፍራሽ ስፖንጅ አለ። ገበሩ አቡጀዲ ሲሆን፣ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ እንደሆነ ሰፊው በኩራት ነግረውኛል። ያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው ጣሊያን ለወረራው በከፈለችው የጦር ካሣ ነው። ጨርቁን ወደ ከፋዩ አገር ለጉብኝት ይዤው መሄዴ ያኔ አልታየኝም፤ ሮም ላይ ነው ትዝ ያለኝ። ከገበሩ በስተጀርባ ደግሞ ለፓስፖርትና ለገንዘብ የምትሆን ስውር ኪስ አስደርጌአለሁ። ጀርባዬ ላይ የምታርፍ ስለሆነች ቦርሳውን ሳላወልቅ ማንም አይደርስባትም። ከሁሉ የወደድሁት እርሷን ነው።

የያዝሁት ይህ ነው፦ ሁለት ቀሚስ፣ ሹራብ፣ ነጠላ፣ ሁለት ኪሎ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ግማሽ ኪሎ የዘጌ ቡና፣ ከእናቴ ሣጥን የተነቀለ ጓጉንቸር። እናቴ ጭኮም ልታስይዘኝ ነበር። ቅቤ ያለበትን ነገር ግን ተዉት፤ ከእኛ አገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች መግባት ክልክል ነው። በሶውን ማንም አልነካብኝም። ጓጉንቸሩ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ስምንት ሰው በአንድ ክፍል የሚያድርበት ማደሪያ ለእያንዳንዱ አልጋ የብረት ሣጥን ይሰጣል፤ ቁልፉ ግን የራስ ነው፤ የሌለው ሰው ከእንግዳ መቀበያው በዩሮ ይገዛል።

ቪየና አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የተለያየ ዓይነት ባቡር አለ። አንዱ በየማስታወቂያው ላይ የሚታየው አረንጓዴ ፈጣን ባቡር ነው። ሌላው ነዋሪው የሚሳፈርበት የከተማ ባቡር ነው፤ የሚደርሰው እዚያው፣ የሚዘገየው ጥቂት ደቂቃ፣ ዋጋው ሲሶ ያህል። እኔም በሥራዬ አረንጓዴውን ባቡር ለእንግዳ ሸጬ አውቃለሁ ማለት ነው፤ በእኛ ዘንድ ጀልባ ነው እንጂ።

የመጀመሪያውን የበሶ ፈተና ያደረግሁት በማደሪያው ወጥ ቤት ነው። የቪየና የቧንቧ ውኃ ከአልፕስ ተራሮች ምንጭ በስበት እየወረደ የሚመጣ ነው፤ የመጀመሪያው መስመር የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነው፣ ከሱቅ ውኃ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። በዚያ ውኃ በሶዬን በማንኪያ ሳሽ አጠገቤ ፓስታ ትቀቅል የነበረች አንዲት ወጣት ዝም ብላ አየችኝ፣ አየችኝና «ይቅርታ፣ ሲሚንቶ ነው?» አለች። ጥቂት ጨበጥ አድርጌ ሰጠኋት። አኝካ ስትጨርስ ሌላ ጠየቀች። በሁለተኛው ቀን ሦስት ሆነው መጡ። በሶ ለማንም አታቅምሱ፤ ምክሬ ይህ ነው።

ቪየና ውስጥ ገንዘቤን በጣም የባረክሁበት ቦታ መንግሥታዊው ኦፔራ ነው። ፊት ያለው ወንበር ከ200 ዩሮ ያልፋል። ግን የቁም ቦታ የሚባል አለ፤ ከ20 ዩሮ በታች ነው የከፈልሁት፣ ያውም ከአዳራሹ መሐል፣ መድረኩን ፊት ለፊት እያየሁ። ቦርሳዬን ዕቃ ጠባቂዋ ተቀብላ በጣቷ ሸራውን ነካ ነካ አደረገችና ከሐር ካፖርቶች መሐል ሰቀለችው። ውስጥ ስገባ ሰዉ ከፊቱ ባለው የብረት መደገፊያ ላይ ሻርፑን እያሰረ ይወጣል። ግራ ገባኝ። አጠገቤ የነበሩ ሽበታም ሴትዮ የራሳቸውን ሻርፕ አሳዩኝ፣ ከዚያ አንገቴ ላይ ያለውን ነጠላ በጣታቸው ጠቆሙ። ሻርፕ የታሰረበት ቦታ ተይዟል ማለት ነው። ነጠላዬን ፈትቼ ጥለቱ በሚታይበት በኩል አሰርሁትና ደጅ ወጥቼ ዳቦ ቆሎዬን ቆረጠምሁ። ስመለስ ነጠላዬ እንደታሰረ ነው፤ ቦታዬን ማንም አልነካውም። ጥምቀት ላይ እንዲህ ባደርግ ቦታውን ቀርቶ ነጠላውን ባላገኘሁት ነበር። ሦስት ሰዓት ቆሜ አመሸሁ። እኛ ቅዳሴ ቆመን ለምናስቀድሰው ሰዎች ይህ ምን አላት? ወንበር የለመዱት ናቸው ከመሐል እየወጡ የሄዱት።

ከቪየና ወደ ቬኒስ በሌሊት አውቶቡስ ነው የሄድሁት። የአንድ ሌሊት አልጋ ዋጋ ይቆጥባል ብዬ ነው። ዘገየ፣ መጸዳጃው ተቆልፎ ነበር፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰው ወንበሩን ጉልበቴ ላይ ለጥጦ አደረ። ቦርሳው እዚህ ሁለት ነገር አሳየኝ። ከእግሬ ሥር ልክ ገባ፣ እንደ ልኩ። ትራስ ለማድረግ ስሞክር ግን እንደ ድንጋይ ሆነብኝ። ባዶውን 1.4 ኪሎ ይመዝናል፤ ለዚህ መጠን ከባድ ነው። ጋሼ የሰፉት ቦርሳ ሳይሆን የጭነት መኪና ነው።

ቬኒስ ላይ ግን ካሠኝ። ከተማዋ ከ400 በላይ ድልድይ አላት፤ ደረጃ ያላቸው ድልድዮች። ሻንጣ የሚጎትተው ሰው በየድልድዩ ያነሣል፣ ይሸከማል፣ ያወርዳል፣ እንደገና ካካካካ እያደረገ ይጎትታል። እኔ እጄን በኪሴ ከትቼ አልፋቸዋለሁ። የማደርው ቬኒስ ውስጥ አልነበረም፤ ከድልድዩ ማዶ መስትሬ ነው፤ አልጋው በጣም ይረክሳል፣ ባቡሩ አሥር ደቂቃ ያህል ነው። የወረቀት ቲኬት የገዛ ሰው ከመሳፈሩ በፊት ጣቢያው ላይ ባለችው ትንሽ ማሽን ቀን ያስመታ፤ ሳያስመቱ መሳፈር ያስቀጣል።

ቬኒስ ለእኔ የሥራ ጉብኝትም ነበር። ጎንዶላ ምን ያህል ነው ብዬ እንደ ባልደረባ ጠየቅሁ። 90 ዩሮ፣ ለግማሽ ሰዓት። የከተማው አስተዳደር የቆረጠው ዋጋ ነው፤ የሚከፈለውም በሰው ሳይሆን በጀልባ ነው፣ እስከ አምስት ሰው ይጭናል። ልከራከር አፌን ከፈትሁና ቀዛፊው በትዕግሥት ፈገግ ሲል የራሴን ፊት አየሁበት። ዘጌ ወደብ ላይ እንዲህ ነው የማደርገው።

ነገር ግን ጎንዶላ በ2 ዩሮ የሚሳፈሩበት መንገድ አለ። ታላቁን ቦይ በድልድይ ሳይሆን በቀጥታ ማቋረጥ ለሚፈልግ ነዋሪ ሁለት ቀዛፊ ያለው ሰፊ ጎንዶላ ያሻግራል። ትራጌቶ ይሉታል። ሪያልቶ ገበያ አጠገብ ካለው ከሳንታ ሶፊያ ተሳፈርሁ። አሮጊቷ የገበያ ዘንቢላቸውን ይዘው ቆሙ፣ አንድ ሠራተኛ ስልኩን እያየ ቆመ፣ እኔም ቆምሁ። ጉዞው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ዓይኔ ግን ከጀልባው ላይ አልተነሣም። መደበኛው ጎንዶላ ሲሠራ ሆን ተብሎ ይጠመማል፤ የግራ ጎኑ ከቀኙ በ24 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ቀዛፊው አንድ ሰው ነው፣ የሚቀዝፈውም በቀኝ በኩል ብቻ፤ ቀፎው ባይጠምም ኖሮ ጀልባው ክብ እየሠራ ይቀር ነበር። የእኛ የደንገል ታንኳ ቀዛፊ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እየቀዘፈ የሚያመጣውን ሚዛን እነርሱ እንጨቱ ውስጥ ሰፍተውታል። ይህን ለማየት 2 ዩሮ ከፈልሁ፤ ተመልሼ ሌላ 2 ዩሮ ከፈልሁ። ከሰዓት በኋላ ሦስተኛ ጊዜ ስመጣ ቀዛፊው እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝ።

ቦርሳው የተዋረደውም እዚያው ነው። ማታ ዝናብ መጣ። ሸራው ራሱ ጠብታ አላሳለፈም፤ ስፌቱ ግን መርፌ በገባበት ቀዳዳ ሁሉ ውኃ አስገባ። ሹራቤ ራሰ፣ የሸራው አረንጓዴ ቀለም ነጠላዬ ላይ ወረደ። ልዘጋው ስጣደፍ ዚፑ ጥርሱን ለቀቀ። ከመስትሬ ጣቢያ ወንበር ላይ ተቀምጬ በመርፌ ቁልፍ እያያያዝሁት ሳለ አንድ ሰው ሳንቲም ሊሰጠኝ ኪሱን ዳበሰ። አልቀበልም አልሁ፤ በኋላ ሳስበው ያለ ምክንያት ኮርቻለሁ።

ሮም ስደርስ ጾመ ነቢያት ገብቷል። ይህ ለበጀቴ በረከት ሆነ። ከፒሳዎቹ ሁሉ ርካሹ ማሪናራ ነው፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ፣ ዘይት፤ አይብ የለበትም። የጾም ነው። አስተናጋጁ አይብ ረስተሽ እንዳይሆን ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ቡና ቆሞ መጠጣት ከመቀመጥ ይረክሳል፤ ወንበር ላይ ያረፈ ሰው ለወንበሩም ይከፍላል። ቡናቸው ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ጉርሻ ነው፣ ሁለተኛም ሦስተኛም የለው፤ አቦል ብቻ ጠጥቶ እንደ መሄድ።

ውኃ ለመግዛት ሮም ውስጥ ሰበብ የለም። በየመንገዱ ናሶኒ የሚሏቸው ወደ 2,500 የሚጠጉ የብረት ምንጮች ሌት ተቀን ይፈስሳሉ። ነዋሪው የሚጠጣው ጎንበስ ብሎ አይደለም። የቧንቧውን አፍ በጣቱ ሲደፍነው ከላይ ካለች ትንሽ ቀዳዳ ውኃው ቀጥ ብሎ ወደ አፉ ይመጣል። መጀመሪያ የሞከርሁ ጊዜ ወደ አፌ ሳይሆን ወደ ጆሮዬ መጣ። በጠርሙስ በሶ ከትቼ፣ ከናሶኒ ሞልቼ፣ በጥብጬ ከኮሎሲየም ማዶ ጠጣሁ። ምሳ ማለት ይህ ነው። ማረፊያችሁን ግን ምረጡ፤ የስፓኝ ደረጃ በሚባለው ቦታ ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ መቀመጥ ክልክል ነው፣ ቅጣቱ እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል።

በነፃ የሚታይ ነገር ከጠየቃችሁኝ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አትራቁ። ከተርሚኒ ፊት ያለው አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ጥቂት እልፍ ሲሉ ከግብፅ የመጣ ሐውልት ቆሟል፤ ከሥሩ የሟቾቹ ስም ተጽፏል። በየቀኑ ስንት ሺህ መንገደኛ ሻንጣውን እየጎተተ በዚያ ያልፋል፤ ቀና ብሎ ያየ ሰው አላጋጠመኝም። አንድ ሰዓት ያህል ስም በስም አነበብሁ። የቦርሳዬ ገበር ትዝ ያለኝ እዚህ ነው፤ ካሣው ከአሉላ ሳይሆን ከኋለኛው ወረራ የመጣ ቢሆንም።

የቫቲካን ሙዚየሞች በየወሩ የመጨረሻ እሑድ በነፃ ይከፈታሉ፤ መግባት የሚቻለው እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ያ እሑድ ኅዳር 21 ላይ ዋለ፤ ጽዮን ማርያም። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. 2025 የካቶሊኮቹ የኢዮቤልዩ ዓመት ነበርና ሰልፉ ግንቡን ዞሮ ጭራው አይታይም። ሰልፍ ላይ ሳለሁ እናቴ ደወለች።

«ቤተ ክርስቲያን ሄድሽ?»

«ቫቲካን ነኝ፣ እማዬ።»

«የማን ታቦት ነው?»

ምን ልበላት? ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ትንሽ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳት ማረፊያ ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ያሳተሙት በዚያ ተቀምጠው ነው። «እስጢፋኖስ» አልኋት። «እሰይ» ብላ ዘጋችው። ቦታው ግን ከአጥሩ ውስጥ ስለሆነ እንደ ፈለጉ አይገባበትም። ከሰዓት በኋላ የባዚሊካውን ጉልላት 551 ደረጃ በእግሬ ወጣሁ፤ ከሊፍቱ ይረክሳል። ከላይ ሆኜ በአትክልቱ ስፍራ በኩል ወደዚያ ቁልቁል አየሁ። ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባበትም። ወንዶቹን እንግዶች አድርሼ እኔ ጀልባ ላይ ሆኜ ዛፎቹን አያለሁ። ሮም ድረስ ሄጄም እስጢፋኖስን ያየሁት በሩቁ ነው።

የመጨረሻው ፈተና ሮም አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ በርካሽ አየር መንገድ ወደ ቪየና ልመለስ። ከበሩ ላይ የብረት ሣጥን አለ፤ ቦርሳው እዚያ ውስጥ ካልገባ ይከፈላል። ከፊቴ የነበረው ሰው አዲስ የሚያብለጨልጭ ሻንጣውን ቢገፋ ቢገፋ ጎማዎቹ አልገባ አሉት። ከፈለ። አላዘንሁለትም ብል ውሸት ነው፤ አልሣቅሁም ብልም ውሸት ነው። የእኔ ተራ ሲደርስ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘውን አረንጓዴ ቦርሳ ሠራተኛዋ ከላይ እስከ ታች አየችው። ሁለቱ ኪሎ በሶ አልቆ ስለነበር ሆዱ ጎድሏል። ቀስ ብዬ ለቀቅሁት። ሳይነካ እስከ ታች ወረደ። ችግሩ ማውጣቱ ላይ ሆነ፤ ግጥም ከማለቱ የተነሣ ሁለታችን ይዘን ነው የጎተትነው።

እንግዲህ ማን ያሰፋው? ከተማ ለከተማ በአውቶቡስና በርካሽ አውሮፕላን ለሚዞር፣ ዕቃው ጥቂት ለሆነ ሰው ይስማማል። ወገቡን ለሚያመው አይሆንም። ዚፑን ራሳችሁ ገዝታችሁ ውሰዱ፤ ትልቅ ጥርስ ያለውን የብረት ዚፕ። ሸራውን ከመስፋታቸው በፊት አንድ ቀን ውኃ ውስጥ ይዘፍዘፍ፤ ቀለሙ እዚያው ይለቅ። ስፌቱን በሻማ አሹልኝ በሏቸው፤ ይህን ዘዴ ከተመለስሁ በኋላ ራሳቸው ጋሼ ናቸው የነገሩኝ። አስቀድመው ለምን አልነገሩኝም ብላቸው «ዝናብ ላይ ነው የምሄደው መቼ አልሽኝ?» አሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ለጥገና ወስጄላቸው ነበር። ገለባብጠው አዩት፣ ሰማያዊውን ክር አይተው ፊታቸውን አጨማደዱ፣ ገበሩን ሲዳብሱ ከስውሯ ኪስ ሥር የሆነ ነገር ተሰማቸው። ስፌቱን በምላጭ ተርትረው አንድ ባለ 2 ዩሮ ሳንቲም አወጡ፤ በተቀደደችው ጥግ በኩል ሾልኮ የገባ ነው።

«ይህ ምን ያህል ይገዛል?» አሉኝ ብርሃን ላይ እያገላበጡ።

«አንድ ጊዜ በጀልባ ያሻግራል።»

ለጥገናው 300 ብር ጠየቁኝ፤ 200 አልኋቸው። በ250 ተስማማን፤ ዚፑን እኔ ገዝቼ ማክሰኞ አደርሳለሁ።